አንድ ሰዓት በአዜሮዝ

ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ጌም ነው። የሠራው በካሊፎርኒያ፣ ኧርቫይን ከተማ የሚገኘው ብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2004 ነው። የጌሙ ዓለም አዜሮዝ ይባላል። ጫካ፣ በረሃ፣ ባሕር፣ በረዶ የለበሰ ተራራና ገበያ የደራበት ከተማ አለው። ነዋሪዎቹም ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ድንክዬዎች፣ ኤልፎች፣ ኦርኮች፣ የበሬ ራስ ያላቸው ግዙፍ ፍጡራንና ከመቃብር የተነሡ ሙታንም ይኖሩበታል። ተጫዋቹ ከእነዚህ አንዱን መርጦ ስም ያወጣለታል፤ ጦረኛ፣ አዳኝ፣ ቄስ፣ አስማተኛ ወይም ሌላ ሙያ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ከደረጃ 1 ጀምሮ ያሳድገዋል። በመጀመሪያው እትም ጣሪያው ደረጃ 60 ነበር።

ጌሙ አያልቅም፤ የመጨረሻ አሸናፊም የለውም። ተጫዋቹ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ቢተኛም ዓለሙ አይቆምም፤ ሌሎች ይነግዳሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይጨዋወታሉ። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ሰውን ከሰው የሚለየው ከችሎታው ይልቅ ያለው ጊዜ ነው። በአንድ በኩል ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ የሚዘምተው ቀንደኛ ተጫዋች አለ። በሌላ በኩል ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ አንድ ሰዓት የምትተርፈው ሰው አለ። ጋዜጦች ባብዛኛው የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው፤ ወሬ የሚወጣው እሱ ነውና። ይሁን እንጂ የጌሙን የመጨረሻ ዘመቻ በከባድ ደረጃው የሚጨርሱት ምንጊዜም ጥቂቶች ናቸው። ወርኃዊ ክፍያውን እየከፈለ ዓለሙን የሚያቆመው ሰፊው ሕዝብ የትርፍ ጊዜ ተጫዋቹ ነው፤ የጌሙ ታሪክም ቢሆን በአብዛኛው የሱን አንዲት ሰዓት ለማስተናገድ የተደረገ ድርድር ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ጌም የተወለደው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው በጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ደረጃ፣ የልምድ ነጥብ፣ የሙያ ክፍፍል፣ ሁሉም ከዚያ መጣ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የጀመረውና ሪቻርድ ባርትል የተረከበው መድ የሚባል ፕሮግራም ነው። መድ ሥዕል አልነበረውም፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ምናባዊ ቦታ በአንድ ጊዜ እንዲገኙ አድርጓል። ከዚህ በኋላ ሥዕል ያላቸው ተከታዮች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 አልቲማ ኦንላይን፣ በ1999 ደግሞ ኤቨርክዌስት።

ኤቨርክዌስት ከ400 ሺህ የሚበልጡ ከፋይ ደንበኞች ያፈራ የዘመኑ ገናና ጌም ነበር፤ ለትርፍ ጊዜ ተጫዋች ግን ምሕረት አያውቅም። የሞተ ሰው ያካበተውን የልምድ ነጥብ ያጣል፤ ልብሱና መሣሪያው ሬሳው ላይ ይቀራል፤ ሬሳው ደግሞ የሚገኘው ራሱን በገደሉት አውሬዎች መካከል ነው። ባዶ እጁን ተመልሶ ማምጣት የሱ ፋንታ ነው፤ ካልቻለ ሰው ለምኖ ማስመጣት አለበት። አንድ ምሽት የተለፋበት ነገር በአንድ ስሕተት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ይዞ የሚገባ ሰው ሰዓቲቱን ሬሳውን በመፈለግ ይጨርሳታል።

ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የተነሣው ይህን ጭካኔ ለማለዘብ ነው። እዚህ የሞተ ሰው በመንፈስ መልክ መቃብር ቦታ ላይ ይነሣል፤ ሮጦ ሬሳው ዘንድ ሲደርስ ሕይወት ይዘራል። የሚከፍለው የልብሱን ማሳደሻ ጥቂት ሳንቲም ነው። መሮጡ የሰለቸው ደግሞ እዚያው መቃብሩ ጠባቂ ዘንድ መነሣት ይችላል፤ ነገር ግን ልብሱ ይበልጥ ይጎዳል፤ ደረጃው ከፍ ያለ ከሆነም እስከ 10 ደቂቃ የሚቆይ ድካም ይይዘዋል። ድካሙ እስኪለቀው ድረስ ቡና ማፍላት ይቻላል።

ከማለዘቢያዎቹ ሁሉ የበለጠ ብልሃት የታየበት ግን የዕረፍት ነጥብ የሚባለው ነው። ጌሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ አዘጋጆቹ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዳይጫወት ፈለጉ። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ለቆየ ተጫዋች ከየአውሬው የሚያገኘው የልምድ ነጥብ በግማሽ እንዲቀንስ አደረጉ። ሞካሪዎቹ ተቆጡ፤ ለፍተው ያገኙት እንደተቀማባቸው ቆጠሩት። የጌሙ ዋና ንድፍ አውጪ ሮብ ፓርዶ በኋላ በአደባባይ እንደተናገረው፣ መፍትሔው ቁጥሩን ሳይሆን አቀራረቡን መገልበጥ ሆነ። የተቀነሰው ግማሽ «መደበኛ» ተባለ፤ የቀድሞው ሙሉ ደግሞ ለዐረፈ ሰው የሚሰጥ እጥፍ ጉርሻ ሆነ። ስሌቱ ያው ነው። ቁጣው ግን በረደ፤ ተጫዋቾቹም ጉርሻውን ወደዱት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ከጌሙ ከመውጣቱ በፊት ገጸ ባሕርይውን ከተማ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ካደረሰው፣ በየ8 ሰዓቱ የአንድ ደረጃ 5 በመቶ የሚሆን ዕረፍት ይጠራቀምለታል። ሜዳ ላይ ጥሎት ከወጣ ክምችቱ አራት ጊዜ ይዘገያል። ጣሪያው አንድ ደረጃ ተኩል ሲሆን፣ ይህ በማረፊያ ቤት ውስጥ 10 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሳምንት ጠፍቶ የመጣ ሰው በዚያች በአንድ ሰዓቱ ከሚገድለው አውሬ ሁሉ እጥፍ የልምድ ነጥብ ያገኛል። የትርፍ ጊዜ ተጫዋቹ ሥራ በዝቶበት ሲጠፋ «የኔ ሰው ቢያንስ ተኝቷል» ብሎ ይጽናናል፤ ወደ መኝታው ከመሄዱ በፊት ገጸ ባሕርይውን ማረፊያ ቤት ማስገባትም ልማድ ይሆንበታል። ለዚህም አንድ ድንጋይ ተሰጥቶታል፤ ሲጠቀምበት የትም ይሁን የት ወደ መረጠው ማረፊያ ቤት ይመልሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድንጋዩ በ60 ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ በኋላ ወደ 30 ደቂቃ ወረደ።

ሰዓቲቱ በምን ታልፋለች? ባብዛኛው በተልዕኮ። ራሱ ላይ ቢጫ የቃል አጋኖ ምልክት ያለበት ሰው ችግሩን ይናገራል፤ ተጫዋቹ ሄዶ ይፈታለታል፤ ሽልማቱን ይቀበላል። በመጀመሪያው እትም፣ በዌስትፎል የእርሻ አገር ሳልማ ሳልዲን የምትባል ባላገር ስምንት የከርከሮ ጉበት እንዲመጣላት ትጠይቅ ነበር፤ መጋገር አምሯት። ከርከሮዎቹ ከእርሻው አጠገብ ሞልተዋል። ችግሩ ሁሉም ጉበት አለመስጠታቸው ነው። አንዱ ይገደላል፤ ጥርስ ይገኝበታል። ሌላው ይገደላል፤ ሥጋ ብቻ። ሦስተኛው ምንም። ሀያኛው ላይ ሲደርስ ተጫዋቹ እነዚህ እንስሳት ያለ ጉበት እስካሁን እንዴት ኖሩ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። መልሱ የሒሳብ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ የመገኘት ዕድሉ በመቶኛ ተወስኗል፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሬሳ ዕጣ ይጥላል። በመጀመሪያው እትም ዕጣው ያለፈውን ስለማያስታውስ፣ ዐሥር ጊዜ ባዶ የወጣበት ሰው በዐሥራ አንደኛው የተሻለ ዕድል አልነበረውም። ሰው ግን እንዲህ አያስብም፤ «አሁንስ ተራዬ ነው» ይላል፤ አንድ ከርከሮ ብሎ የተነሣው ዐሥር ይገድላል። ጌሙን ለመዝጋት ከሚያስቸግሩት ነገሮች ዋናው ይህ ዕጣ ነው፤ ዘንዶውና ጦርነቱ ከሱ በኋላ ይመጣሉ።

በተልዕኮ የሰለቸ ዓሣ ያጠምዳል። ብዙ የትርፍ ጊዜ ተጫዋቾች ገና ከጅምሩ የሚወዱት ሥራ ነው፤ ከጌሙ የጀግንነት ጭብጥ ጋር ምንም ዝምድና ስለሌለውም ልዩ ጣዕም አለው። ገጸ ባሕርይው ውኃ ዳር ይቆምና መቃጥኑን ይወረውራል፤ ላባ የታሰረበት ተንሳፋፊ ውኃው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ተንሳፋፊው ድንገት ሲጠልቅና ውኃው ሲንቦጫረቅ ፈጥኖ መጫን ያስፈልጋል፤ የዘገየ ዓሣው አመለጠው። እጅ ብዙ አይያዝም፤ ሬድዮ ይሰማል፣ ስልክ ይወራል፣ ድስቱ ይታያል። ችሎታው ከ1 ተነሥቶ በመጀመሪያው እትም እስከ 300 ይደርስ ነበር። የተጠመደው ዓሣ ይጠበሳል፤ የተጠበሰው ጤናን ይመልሳል ወይም ለአጭር ጊዜ ጉልበት ይጨምራል፤ የተረፈው ይሸጣል።

ለዚህ የተረጋጋ ሥራም ቢሆን ውድድር አልጠፋለትም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እሑድ እሑድ፣ በሰርቨሩ (ዓለሙን በሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በስትራንግልቶርን ጫካ ጠረፍ የዓሣ ማጥመድ ግብግብ ይከፈታል። የተወሰነ ዓይነት ዓሣ 40 አጥምዶ ቡቲ ቤይ ወደብ ላይ ለዳኛው ቀድሞ ያስረከበ ያሸንፋል። ከሽልማቶቹ አንዱ ምርጥ የማጥመጃ ዘንግ ነው። በዘመቻ ስማቸው ተነሥቶ የማያውቅ ሰዎች እዚህ ስም ያወጣሉ። ይሁንና ጠረፉ የሁለቱ ጠላት ወገኖች፣ የአላያንስና የሆርድ የጋራ መሬት በመሆኑ፣ ዘንጉን ይዞ የቆመ ዓሣ አጥማጅ ከኋላው በሰይፍ ሊወጋ ይችላል።

ገበያውም ራሱን የቻለ ዓለም ነው። በየከተማው የጨረታ ቤት አለ፤ ተጫዋቾች ያገኙትን ቆዳ፣ ማዕድን፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ሰይፍና ልብስ እዚያ ያቀርባሉ። መቶ መዳብ አንድ ብር፣ መቶ ብር አንድ ወርቅ ነው። የጨረታ ቤቱ ከሽያጩ 5 በመቶ ይቆርጣል፤ ዕቃው ካልተሸጠ የተያዘው መያዣ ገንዘብ አይመለስም። ዋጋውን የሚወስነው ኩባንያው ሳይሆን ገዥና ሻጭ ነው፤ ዘመቻ በሚበዛባቸው ምሽቶች የመድኃኒት ቅጠል ይወደዳል፤ ሁሉም ተመሳሳይ ማዕድን ሲቆፍር ዋጋው ይወድቃል። በመጀመሪያው እትም ደረጃ 40 የደረሰ ሰው የሚጋልበውን እንስሳ ከነማሠልጠኛው ለማግኘት 100 ወርቅ ገደማ ያስፈልገው ነበር፤ ደረጃ 60 ላይ የሚሰጠው ፈጣኑ ደግሞ ወደ 1000 ወርቅ ይጠጋ ነበር። ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ለማጠራቀም ወራት ይፈጅበታል። በዚያን ዘመን ብዙዎች ደረጃ 40ን አልፈው እንኳ ከአገር አገር በእግራቸው ሲጓዙ ይታዩ ነበር፤ ፈረሰኛ ሲያልፋቸው ምን እንደሚሰማቸው መገመት ይቻላል። በኋላ ግልቢያው ደረጃ 20 ላይ እንዲፈቀድ ተደረገ።

በጊዜና በገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2015 በግልጽ ወደ ገበያ ወጣ። ብሊዛርድ ቶክን የሚባል ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ገንዘብ ያለው ሰው በእውነተኛ ገንዘብ፣ በአሜሪካ በ20 ዶላር፣ ይገዛዋል፤ ጨረታ ቤት ወስዶ በጌሙ ወርቅ ይሸጠዋል። ወርቅ ያለው ሌላ ተጫዋች ደግሞ ገዝቶ የ30 ቀን የመጫወቻ ፈቃድ ያደርገዋል። መደበኛው ወርኃዊ ክፍያ በአሜሪካ 14.99 ዶላር ነው። ስለዚህ ደመወዝ ያለው ግን ጊዜ የሌለው ሰው፣ ጊዜ ያለው ግን ገንዘብ ያነሰውን ሰው ሒሳብ ይከፍልለታል፤ በምላሹ ወርቁን ይወስዳል። ከዚያ በፊት ወርቅ በድብቅ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ቶክኑ የነሱን ገበያ ለመሻማት የመጣ ነው። ሁሉም ግን አልወደደውም። «ለፍቶ ማግኘት የሚባለው ነገር አከተመ» የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸውም ባዶ አይደለም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለብቻ የሚሠራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሌላ ሰው ሲያስፈልግ ነው። ደንጀን የሚባሉት ዋሻዎችና ምሽጎች አምስት ሰው ይጠይቃሉ። አንዱ ታንክ ይሆናል፤ ጋሻውን ይዞ የጠላትን ዱላ በራሱ ላይ ይቀበላል። አንዱ ፈዋሽ ነው፤ የሌሎቹን ጤና ይጠብቃል። ሦስቱ ይመታሉ። ጌሙ ለአፍታ ማቆሚያ የለውም። ለብቻው ከርከሮ የሚያሳድድ ሰው በር ሲንኳኳ ተነሥቶ ቢሄድ ራሱ ብቻ ይሞታል፤ ፈዋሹ ሕፃን ሲያለቅስ ተነሥቶ ከሄደ ግን አምስቱም ይሞታሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ያለው ሰው ዋሻ ከመግባቱ በፊት ቤቱን ቃኝቶ፣ ሁሉም መተኛቱን አረጋግጦ ይገባል። አንዳንዱ ጭራሽ አይደፍርም፤ በስሕተቱ ሌሎችን የማስሞት ፍርሃት ከዘንዶው ይበልጥበታል።

ሬይድ የሚባሉት ታላላቅ ዘመቻዎች ከዚህም የከበዱ ነበሩ። በመጀመሪያው እትም እንደ ሞልተን ኮር ያሉት 40 ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልጉ ነበር። አርባ ሰው በአንድ ሰዓት ማሰባሰብ ለማንም ቀላል አይደለም፤ ሰዎቹ በየአገሩ ተበትነው ሲኖሩ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ጊልድ የሚባሉ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አለቃ፣ ሹማምንት፣ የቀጠሮ ሰሌዳና የምርኮ ማከፋፈያ ደንብ አላቸው። አንድ የዘመቻ ምሽት ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል፤ አብዛኛው ጊዜም በመሞት፣ በመነሣትና እንደገና በመሞከር ያልፋል። አንድ ሰዓት ያለው ሰው እዚህ ቦታ አልነበረውም። ናክስራማስ የተባለው ምሽግ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲከፈት ገብቶ ያየው ተጫዋች እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ ኩባንያው በ2008 በአዲሱ ማስፋፊያ (ለጌሙ በሚጨመረው አዲስ ክፍል) ላይ አቅልሎ ለሁሉም መልሶ አቅርቦታል።

በሩ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄደ። የ40ው ዘመቻ ወደ 25 እና ወደ 10 ሰው ወረደ። በዲሴምበር 2009 አምስቱን ሰው ራሱ የሚያሰባስብ መሣሪያ ገባ፤ ተጫዋቹ ሚናውን መርጦ ይመዘገባል፤ ኮምፒውተሩ ከተለያዩ ሰርቨሮች አራት የማያውቃቸውን ሰዎች ያመጣለታል፤ ወደ ዋሻው በቀጥታ ያደርሳቸዋል። ታንክ ለመሆን የተመዘገበ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይጠራል፤ መቺ ግን ብዙ ስለሆነ ይጠብቃል፤ ዓሣ የሚያጠምደውም ያን ጊዜ ነው። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ለሬይድ ተመሳሳይ መሣሪያ መጣ፤ የዘመቻውን ቀለል ያለ መልክ ማንም ተሰልፎ እንዲያየው ሆነ።

ቀንደኞቹ አዘኑ። ቀድሞ ሰው ፈልጎ፣ ለምኖ፣ ተዋውቆ ነበር የሚገባው፤ መጥፎ ጠባይ ያለው ሰው በሰርቨሩ ሁሉ ስሙ ይጠፋ ነበር። አሁን አምስት ሰዎች ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ሀያ ደቂቃ አብረው ተዋግተው ይለያያሉ። ይህ እውነት ነው። የትርፍ ጊዜ ተጫዋቹ መልስም እውነት ነው፤ ጓደኛ ለማፍራት የሚያስፈልገው ሰዓት ለሱ አልነበረውም፤ መሣሪያው ባይመጣ ኖሮ ዋሻውን በጭራሽ አያየውም ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 የድሮውን ጌም ክላሲክ ብሎ እንደነበረ ሲመልሰው ሰዎች በረጅም ሰልፍ ገብተውበታል፤ ከገቡትም ብዙዎቹ በ2004 ተማሪ የነበሩ፣ አሁን ግን ሥራና ልጅ ያላቸው ናቸው። የናፈቁት ጌሙን ነው ወይስ ያን ጊዜ የነበራቸውን ሰፊ ምሽት የሚለውን ጌሙ ራሱ ሊመልስላቸው አይችልም።

ሰዎች ለምን እንደሚጫወቱ ከመረመሩት ቀዳሚው ያው የመድ ባለቤት ባርትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት መደባቸው፤ ደረጃና ሀብት የሚያሳድዱ፣ አገሩን ማሰስ የሚወዱ፣ ሰው ለማግኘት የሚመጡ እና ሌሎችን ማጥቃት የሚያስደስታቸው። አንድ ሰው ከአንዱ ብቻ መሆኑ ብርቅ ነው፤ ማክሰኞ ዓሣ ያጠመደ ሰው ዓርብ ሊዘምት ይችላል። ተመራማሪው ኒክ ዪ ደግሞ በ2006 ባሳተመው ጥናት 30 ሺህ ያህል የእንዲህ ያሉ ጌሞች ተጫዋቾችን ጠይቆ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 26 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ግማሽ ያህሉ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነበራቸው። በአማካይ በሳምንት 22 ሰዓት ያህል ይጫወቱ ነበር። ይህ የአንድ ሰዓት ሰው ቁጥር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለጥናት መጠይቅ የሚመልሰው ብዙ የሚጫወተው ሰው እንደሚሆን ማሰብ ይገባል።

ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በቀንደኞቹ ሥራ ሊጎዳ እንደሚችል የታየው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2005 ነው። ዙልጉሩብ በተባለ አዲስ ዘመቻ ውስጥ ሃካር የሚባለው አለቃ ተዋጊዎቹን የተበከለ ደም በሚባል በሽታ ይለክፋል። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ነገር ግን ከዘመቻው ቦታ እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር የታሰበው። ያልታሰበው የአዳኞች የቤት እንስሳ ነው። የተለከፈው እንስሳ በአስማት ተሰውሮ ከተማ ውስጥ ሲጠራ በሽታውን ይዞ ብቅ አለ። ለደረጃ 60 ጦረኛ የሚቻል የነበረው ሕመም ለደረጃ 10 ጀማሪ ቅጽበታዊ ሞት ሆነ። ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ባለሱቆችና ዘበኞች ደግሞ ሳይሞቱ በሽታውን ያስተላልፉ ነበር። ከተሞች በአጥንት ተሞሉ። አንዳንዱ ወደ ገጠር ሸሸ፤ አንዳንዱ ሌላውን ለማዳን ቀረ፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ አሰራጨ። ኩባንያው ሰርቨሮቹን እንደገና አስነሥቶና ደንቡን አስተካክሎ ነው ያቆመው። ነገሩ የተላላፊ በሽታ ተመራማሪዎችን ስቦ እ.ኤ.አ. በ2007 በላንሴት የተላላፊ በሽታዎች መጽሔት ላይ ጽሑፍ ወጥቶበታል፤ ሰዎች በወረርሽኝ ጊዜ የሚያሳዩትን ያልተጠበቀ ጠባይ ለማጥናት ጠቃሚ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

በጨዋታው ልክ የሚያጡ መኖራቸውም አይካድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሕመምን አካቷል። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም፤ ሰውየው ራሱን መግታት ማቃቱ፣ ጌሙን ከሌላው ኑሮው ማስቀደሙ፣ ጉዳት እያየም መቀጠሉ ነው፤ ይህም በተለምዶ ለአንድ ዓመት ያህል መታየት አለበት። ቻይና በ2021 ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ፈቅዳለች፤ አንድ ትውልድ በመንግሥት ትእዛዝ የትርፍ ጊዜ ተጫዋች ሆነ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ለሚሞክር ሰው ሁኔታው ምቹ አይደለም። ጌሙ በአማርኛ አልተዘጋጀም፤ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይጠይቃል፤ ማውረዱ ብቻ በዐሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ይበላል፤ መረጃውም አውሮፓ ድረስ ተጉዞ ስለሚመለስ እጅና ዐይን እኩል አይሄዱም። ለዘመቻ ይህ መዘግየት አደገኛ ነው፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ፈዋሽ አለመሆን ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ከቋንቋው በቀር እንዲህ ያለው እንቅፋት የለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ማንም ሰው እስከ ደረጃ 20 ያለ ክፍያ መጫወት ይችላል፤ የተልዕኮን ጣዕም ለመቅመስ ይበቃል።

የትርፍ ጊዜ ተጫዋቹን ከሁሉ በላይ የሚያስታርቀው በየሁለት ዓመቱ ገደማ የሚወጣው ማስፋፊያ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ሲወጣ፣ በአርባ ሰው ዘመቻ ወራት ተለፍቶበት የተገኘ ብርቅ ሐምራዊ ሰይፍ አዲሱ አገር ላይ በተልዕኮ በተሰጠ ተራ አረንጓዴ ሰይፍ ተተካ። ቀንደኛውም ሌላውም እንደገና ከአንድ መስመር ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ማስፋፊያ ይህንኑ ያደርጋል፤ ደረጃው እስከ 120 ከወጣ በኋላም በ2020 ተጨምቆ ጣሪያው ወደ 60 ተመልሶ ነበር። በመካከል ሁለት ዓመት የጠፋ ሰው ብዙ አልቀረበትም። የደንበኞቹ ቁጥርም ይህንን መምጣትና መሄድ ያሳያል። በ2010 12 ሚሊዮን የደረሰው ቁጥር ቀንሶ ቆይቶ፣ በኖቬምበር 2014 አዲስ ማስፋፊያ ሲወጣ እንደገና ከ10 ሚሊዮን በለጠ፤ ዓመት ሳይሞላው 5.5 ሚሊዮን ሆነ፤ ኩባንያውም ከዚያ በኋላ ቁጥሩን መንገር አቆመ።

ተመላሹን የሚጠብቀው የመጀመሪያ ሥራ ጦርነት አይደለም። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ድግምት እንደሚያወጣ ረስቶታል፤ ከድግምቶቹም ግማሹ በሌለበት ተለውጠዋል። ቦርሳው ለምን እንዳስቀመጠው በማያውቀው ቆዳና ድንጋይ ተሞልቷል፤ ይጣል ይሆን ወይስ ይፈለግ ይሆን እያለ አንድ በአንድ ያያል። የማኅበሩን መዝገብ ሲከፍት ከየስሙ አጠገብ መጨረሻ የገባበት ጊዜ ተጽፏል፤ ስምንት ወር፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። የፖስታ ሣጥኑን ያያል። ጨረታ ላይ ትቶት የነበረው ዕቃ ተሸጦ ወርቁ ተልኮለት ከነበረም አያገኘውም፤ የጨረታ ቤት ደብዳቤ ከ30 ቀን በኋላ ከነያዘው ይጠፋል።